ኮምፒውተሩ ተራራ የወጣ ዕለት

መካነ ሰላም ገብታችሁ አዲስ ኮምፒውተር የሚሸጠው ሰው የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መናኸሪያው አካባቢ የቆመ ሁሉ በአገጩ ወደ ሱቄ ይጠቁማችኋል። ጠቁሞ ብቻ ቢተው ደግ ነበር። ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ፣ "ምስኪን፣ በፊት እንኳ ደኅና ሰው ነበር" ብሎ ይጨምርበታል። ይህን ስም ያተረፍኩት ሰው ገድዬ ወይም ቤት አቃጥዬ አይደለም። አንድ ዓርብ ቀን ኮምፒውተር ይዤ ተራራ ስለወጣሁ ነው። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ብዙ ስለተለጠፈበት፣ አንዳንዱም ኮምፒውተሩን ጥምጣም አስጠምጥሞ በበቅሎ አስቀመጠው ስለሚል፣ የነገሩ ባለቤት ራሴ ብነግራችሁ ይሻላል።

ጊዜው ሥራ ፈት ሁሉ "በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅ" የሚባልበት ነበር። እኔም ተደራጀሁ። ሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጠን፤ በሦስተኛው ቀን አሠልጣኛችን ጠመኔውን አስቀምጠው፣ መጪው ዘመን የኮምፒውተር ዘመን መሆኑን ነገሩን። አብረውኝ የሠለጠኑት ሰዎች ይህን ሰምተው፣ በጭብጨባ ተቀብለው፣ ዶሮ እርባታና በግ ማድለብ ገቡ። ቃሉን እንደወረደ የወሰድኩት እኔ ብቻ ነኝ። ደሴ ሄጄ ስድስት አዳዲስ ኮምፒውተር ከነካርቶናቸው አመጣሁ። አውቶቡሱ ጣራ ላይ አላስጭንም ብዬ ከሾፌሩ ጋር ተጣላሁ። ጉጉፍቱ ላይ ያ የታወቀው ብርድ ሲመጣ ጋቢዬን አውልቄ ካርቶኖቹን አለበስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ የታመመው ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ዕቃ ነው አልኳቸው። መካነ ሰላም እስክንደርስ ዳግመኛ አላናገሩኝም። እኔ ግን ለአሥር ቀን ሳል ያዘኝ፤ ኮምፒውተሮቹ ምንም አልሆኑም።

ሱቁን ስከፍት ሕዝቡ ጎረፈ። ጎረፈ ስላችሁ አንድም ሰው ገዛ ማለቴ አይደለም። ይገባል፣ ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ በጣቱ ነካ ያደርጋል፣ ከኮምፒውተሩ ጎን ቆሞ ፎቶ ይነሣና ይወጣል። ፎቶውን የሚነሣው በስልኩ ነው። ያን ጊዜ ነበር ማስተዋል የነበረብኝ፤ ግን ማስተዋል ከማትረፍ በኋላ የሚመጣ ነገር መስሎኝ ነበር።

አንድ የሩቅ ገጠር ሰው ዕቃውን ከፊትም ከኋላም ከመረመሩ በኋላ፣ ይኸ ባትሪ መብራት አለው ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። የለውም አልኳቸው። "ታዲያ ሲጨልም ራሱስ በምን ያያል?" ብለውኝ ሄዱ። ጎረቤቴ መምህር ጥላሁን ደግሞ አሥር ዓመት የሞላው ኮምፒውተር አላቸው። ጠዋት ጠዋት ጎኑን በጥፊ ሲያቀምሱት ድምፁ እስከ ሱቄ ይሰማል፤ ከዚያ እያቃሰተ ይነሣል። አዲስ ግዙ ብዬ ብለምናቸው፣ ባለቤቴም ቤቴ ከገባች ሃያ ዓመቷ ነው፣ ልለውጣት ነው የምትለው ብለው ተቆጡኝ። ያለው ያለውን በጥፊ እየቀሰቀሰ ይኖራል፤ የሌለው ደግሞ አላስፈለገውም።

ለምን አላስፈለገውም ብትሉ፣ በዚያ ሰሞን ከጅዳና ከሪያድ የሚመለሱት እህቶቻችን በሻንጣቸው መዳፍ የሚያህል፣ ፊቱ በጣት የሚዳበስ ስልክ ይዘው መግባት ጀምረው ነበር። ቁርኣኑ እሱ ላይ፣ መዝሙሩ እሱ ላይ፣ ፊልሙ እሱ ላይ፣ የሒሳብ ማሽኑ እሱ ላይ፣ ባትሪ መብራቱም እሱ ላይ። ባለፋብሪካዎቹ ለኮምፒውተር ያስቀሩለት ነገር ቢኖር ክብደቱን ብቻ ነው።

አሁን አንድ የሚያሳፍር ነገር ልናገር። እኔም ይህ ስልክ ነበረኝ። የባለቤቴ የአልማዝ እህት ከኩዌት ልካልኝ ነው። ኳስ የማየው በሱ፣ ሰው የማናግረው በሱ፣ ከአልማዝ እህት ጋር ፊት ለፊት እየተያየን የምናወራውም በሱ። ሱቅ ውስጥ ግን አላሳየውም። ጠጅ ቤት ከፍቶ ቢራ የሚጠጣ ሰው ጠጁን ማን ይገዛለታል? ደንበኛ ብቅ ሲል ስልኬን ካልሲዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ስድስቱ ኮምፒውተሮች በመደርደሪያ፣ ጠላታቸው በካልሲ፤ እንዲህ ተከባብረን እንኖር ነበር።

በዚህ ላይ ሸህ ሙሄ መጡ።

ሸህ ሙሄ ከከተማው ወጣ ባለች መንደር ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ደረሳ ከየአገሩ የሚጎርፍላቸው፣ የውርስ ሒሳብ ያለ ወረቀት የሚከፋፍሉ ታላቅ ዓሊም ናቸው። ሰው ሲያናግሩ ዐይን ዐይኑን ስለሚያዩ፣ ውሸት ያሰበ ሰው ሳይናገር ይቅርታ ይጠይቃቸዋል ይባላል። ምርኩዛቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ተቀመጡና የመጡበትን ነገሩኝ። ሀዋ የምትባል ልጃቸው ጅዳ ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው። እዚያው የሚሠራ የኩታበር ልጅ ጠይቋት ተስማምተዋል። ኒካሁ ሊታሰር የታሰበው በመጪው ዓርብ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። አሠሪዎቿ የፈቀዱላት ያችን ከሰዓት ብቻ ስለሆነ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ ማለቅ አለበት። ልጅቷ ደግሞ፣ አባቴ በሕይወት እያለ በውክልና አልዳርም፣ እሱ ራሱ ይዳረኝ ብላለች።

በስልክ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለፈው ዓመት ዑመር ነኝ ብሎ ከደወለላቸው ሰው ጋር ስለ ከብቱም ስለ ዘመዱም ግማሽ ሰዓት ካወሩ በኋላ፣ ሌላ ዑመር ሆኖ ተገኝቷል። ድምፅ አይታመንም። የልጃቸውን ፊት ሳያዩ፣ የሙሽራውንም ፊት ሳያዩ፣ ኒካህ አያስሩም። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ባሕር ማዶ ያለ ሰው ፊት ያሳያል ሲባል ሰምተው ነው የመጡት።

ያሳያል አልኳቸው። ዐይኔን አዩኝ።

"ከሱ ሌላ የሚያሳይ ነገርስ አለ?"

ካልሲዬ አሳከከኝ። እውነት እላችኋለሁ፣ እዚያው ቁርጭምጭሚቴ ላይ እንደ ጉንዳን ወረረኝ። ሁለት ወር ሙሉ ካርቶን ሳራግፍ ከርሜ፣ የመጀመሪያው ደንበኛዬ በእግሩ መጥቶ በሬ ላይ ተቀምጧል። የለም አልኩ። ወላሂ በል አሉኝ። ክርስቲያን ነኝ ስላቸው፣ ወሎ ውስጥ ወላሂ የጋራ ነው አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ በቀን ሃያ ጊዜ እምል ነበር። የዚያን ዕለት ግን ምላሴ እምቢ አለኝና "አብሽሩ ሸህዬ፣ እኔ እያለሁ አያስቡ" ብዬ አለፍኩት። እሳቸውም ልጄን በዚህ ነገር ካየኋት ዕቃው ቤቴ ይቀራል ብለው ቃላቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት ጉዞ ተጀመረ። መኪና መንገዱ እስኪያልቅ በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ አህያ ነው። ሸህ ሙሄ ይማም የሚባል የወንድማቸውን ልጅ ልከውልኝ ነበር። ይማም በበር ሲገባ ቤት የሚጨልምበት ዓይነት ሰው ነው። ሲፒዩውን በአህያዋ በአንድ ጎን፣ ስክሪኑን በሌላው ጎን ጫንን። ስክሪኑ ቀለለና ጭነቱ አጋደለ። ይማም መፍትሔ አላጣም፤ አንድ ደኅና ድንጋይ ፈልጎ ከስክሪኑ ጎን አሰረ። ሰው በመንገድ ድንጋዩስ ምንድን ነው ሲለን፣ ይማም የዕቃው አካል ነው ይል ጀመር።

አቧራ እንዳይገባበት ስክሪኑን በነጭ ነጠላ ሸፍኜው ነበር። ይህ ስሕተት መሆኑን ያወቅሁት ከግማሽ መንገድ በኋላ ነው። ከፊታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ሸክሙን እያወረደ፣ ቆቡን እያነሣ ይቆማል። አንድ ሽማግሌ በቀስታ ጠጋ ብለው ሕፃን ነው ወይ ሲሉ ይማምን ጠየቁት። መንደሯ ስንደርስ ሦስት ቀባሪ ተከትሎን ገባ። ጉዳዩን ብናስረዳቸውም ደርሰን አንመለስም ብለው ቀሩ፤ ኋላም በሸክም ብዙ ረዱን።

ሸህ ሙሄ ቤት መንደሩ በሙሉ ተሰብስቦ ጠበቀን። መብራት የለም፤ ለዚህ ግን የመስጊዱ የድምፅ ማጉያ ጄኔሬተር ተዘጋጅቶ ነበር። ዕቃውን መደቡ ላይ ተከልኩት። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ስክሪኑ ቦግ አለ፣ ቤቱ በ"ማሻአላህ" ተሞላ። የሸህ ሙሄ ባለቤት ወይዘሮ ፋጤ ስክሪኑ ላይ የነበረውን የባሕር ዳርቻ ሥዕል አይተው ጅዳ ይኸ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም ለማለት አንጀቴ አልቻለም። አካባቢው ነው አልኳቸው።

ከዚያ ኢንተርኔት የምታስገባዋን ጣት የምታህል ዶንግል ሰካሁ። ጠበቅን። ነቅዬ ሰካሁ። ጠበቅን። መስኮት ከፈትኩ፣ በር ከፈትኩ፤ ምንም የለም። እዚህ አገር ኔትወርክ የት ነው የሚገኘው ብዬ ጠየቅኩ። የቤቱ ሰው በሙሉ፣ ከአዋቂ እስከ ሕፃን፣ በአንድ ላይ እጁን አነሣና በበሩ በኩል ወደ ውጭ ጠቆመ። ውጭ ያለው ከመንደሩ ጀርባ እንደ ግድግዳ የቆመው ቁራ አምባ ነው። ሰው ስልክ የሚያናግረው እሱ አናት ላይ ወጥቶ ነው።

እኔ በልቤ ይህን ነገር አንድ ሰው እንዳይለው እየጸለይኩ ነበር። ሸህ ሙሄ ምርኩዛቸውን አነሡ።

"እንግዲያ ይውጣ" አሉ።

ኮምፒውተሩ ወጣ። ጄኔሬተሩ በሽተኛ በሚወሰድበት ቃሬዛ ላይ ተኝቶ በአራት ሰው ትከሻ ወጣ። ሲፒዩውን ሦስቱ ቀባሪዎች እየተፈራረቁ ተሸከሙት። ስክሪኑን ይማም በማዳበሪያ ሊያዝለው ሲል ወይዘሮ ፋጤ ከለከሉት። ልጄ የምትታይበት ነው ብለው፣ ሀዋን ያዘሉበትን አንቀልባ ከቤት አውጥተው፣ ስክሪኑን በይማም ጀርባ ላይ ራሳቸው አሰሩት። ያ ግዙፍ ሰው በአንቀልባ ስክሪን አዝሎ ሽቅብ ሲሄድ፣ ከልምድ የተነሣ መሰለኝ፣ እሹሩሩ እንደማለት ከፍ ዝቅ ያደርገው ነበር። እኔ ከሸህ ሙሄ ቤት የተገኘውን ጠረጴዛ በራሴ ላይ ገልብጬ፣ ኪቦርዱን በብብቴ ይዤ ተከተልኩ። እንደምታውቁት የኮምፒውተር ሥራ ተቀምጦ የሚሠራ ቀላል ሥራ ነው ይባላል።

አናት ላይ ነፋሱ አያስቆምም። ሁለት ሽማግሎች ስክሪኑን በግራና በቀኝ ጆሮውን ይዘው እንደ ወይፈን አቆሙት። ጄኔሬተሩ በስድስተኛው ጉተታ ተነሣ። ቁልፉን ተጫንኩ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና አንዲት ክብ ነገር ትዞር ጀመር፤ ከሥሯ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተጽፏል። አዲስ ዕቃ ነዋ፣ በዚያች ሰዓት ራሱን ማሰናዳት አምሮት ነበር። በመጀመሪያ ዐሥር ከመቶ አለ፣ ቀጥሎ ሃያ አለ፣ ሠላሳ አምስት ላይ ሲደርስ ቆመ።

ሸህ ሙሄ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ጠብቁኝ፣ እንዳታጠፉኝ ይላል አልኳቸው። ማንን ነው የሚጠብቀው አሉ። ራሱን ነው አልኳቸው። ይህን ሲሰሙ ክቧን ለረጅም ጊዜ አዩ። የአስር ሶላት ደረሰና አዛን ተባለ። ሰዉ አምባው ላይ ተሰልፎ ሰገደ፤ እኔ ክቧን ስጠብቅ ቆየሁ። ሰግደው ሲመለሱ ሠላሳ ስድስት ሆናለች። ሸህ ሙሄ የውርስ ሒሳብ አዋቂ ናቸው ብያችኋለሁ። በአንድ ሶላት አንድ ከሄደ ስልሳ አራት ሶላት ይቀረናል፣ በቀን አምስት ሲሆን አሥራ ሦስት ቀን ገደማ ነው ብለው ወዲያው አሰሉት።

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ፋጤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ባዶውን አንቀልባ እያጣጠፉ፣ መልሰው እየዘረጉ፣ ደግሞ እያጣጠፉ ነበር። ፀሐይዋ ወደ አባይ በረሃ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ጅዳ ላይ አንዲት ልጅ ተኳኩላ ተቀምጣ፣ በየደቂቃው ሰዓት እያየች መሆኗ ትዝ አለኝ። እኔ ስለ ሽያጭ ሳስብ ውዬ፣ ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብኳት ያን ጊዜ ነው።

በዚህ መሐል እግሬ ዘፈነ።

አልማዝ ናት። ሸጥክ ወይ ልትለኝ ነው የደወለችው። የስልኬን ጥሪ የሠርግ ዘፈን ያደረገችውም እሷው ናት። አምባው አናት ላይ ኔትወርክ ሞልቶ ኖሯል፤ እኔ ካልሲ ውስጥ። ዘፈኑ ከቁርጭምጭሚቴ እየወጣ ከበሮው ይደለቃል፣ ሰው ሁሉ እግሬን ያያል። ይማም፣ የዋሁ ይማም፣ አይ ስልክ ነው፣ ተራ የእጅ ስልክ ይሆናል ብሎ አዳነኝ። እውነት አዳነኝ። ጥሪውን ዘግቼ አዎ፣ ተራ ስልክ ነው ብል ማንም አይፈትሸኝም ነበር። ነገ ሌላ መላ አይጠፋም፤ ኮምፒውተሩም ነገ ራሱን ችሎ ይነሣል። ነገ ግን ኒካሁ የለም።

ቁጭ ብዬ ጫማዬን ፈታሁ።

ስልኩን ሳወጣ በላብ ረጥቦ ነበር፤ በሱሪዬ ጠረግሁት። የሀዋን ቁጥር ሸህ ሙሄ ከጥምጣማቸው እጥፋት ካወጧት ወረቀት ላይ አነበቡልኝ። በቪዲዮ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠራና ተነሣ። ሂና የተቀባች፣ ዐይኖቿ እንደ ወይዘሮ ፋጤ ያሉ ልጅ ከመዳፌ ላይ አየችን። "አባቴ" አለች።

ወይዘሮ ፋጤ ስልኩን ከእጄ እንዴት እንደወሰዱት አላየሁም። ፊታቸው ላይ ለጥፈው ሳሟት። ሲስሟት በከንፈራቸው ቀይዋን ምልክት ነክተው ጥሪውን ዘጉት። ልጄን ምን አደረግኋት ብለው ጮኹ። መልሼ ደወልኩ። ደግመው ሳሟት። ደግሞ ተዘጋ። በሦስተኛው ስልኩን እኔ ይዤ እሳቸውን ይማም ከኋላ ሆኖ ያዘልኝ፤ በሩቁ ሳሟት።

ሸህ ሙሄ ተጠጉ። ሰባት ዓመት ያላዩትን ፊት አተኩረው አዩ፤ ግን ዓሊም ዓሊም ነው፣ ፊትም ከፊት ሊመሳሰል ይችላል አሉ። ልጅ ሳለሽ የነከሰሽ ውሻ የማን ነበር ብለው ጠየቋት። "ውሻ አልነከሰኝም፤ አውራ ዶሮ ነው የነከሰኝ፣ ያውም ያንተ" አለች። ይህን ስትል እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ልጄ ናት አሉ ሸህ ሙሄ፤ ዞር ብለውም በጥምጣማቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

ቀጥሎ ሙሽራው ሰይድ ቀረበ። እዚያ ማዶ ስልኩን የያዘው ሰው ገልብጦ ይዞት ኖሮ በአናቱ ቆሞ ታየን። ሸህ ሙሄ አንገታቸውን አዘንብለው የማን ልጅ እንደሆነ፣ አያቱ ማን እንደሚባል፣ ኩታበር የትኛው ሠፈር እንደሆነ በዚያው ገጽታው መረመሩት። ልጁም ተዘቅዝቆ ሁሉንም በትሕትና መለሰ። የምሥክሮቹ ስም ተጠራ፤ መህሩ፣ ሙሽራው ለሙሽራዪቱ የሚሰጠው ጥሎሽ፣ ተነገረ። ሊጀመር ሲል ስልኬ ጢጥ አለች። አየሁት፤ ባትሪው ቀልቶ አራት ከመቶ ቀርቶታል። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ የትናንቱን ኳስ ሳይበት የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንን ልርገም?

ያን ጊዜ ዐይኔ ኮምፒውተሩ ላይ ዐረፈ። አሁንም ሠላሳ ስድስት ነው። ጄኔሬተሩ ግን እየሠራ ነው፤ ኮምፒውተሩ በርቷል። ከዕቃዎቹ መሐል ገመድ አወጣሁና አንዱን ጫፍ ሲፒዩው ላይ፣ ሌላውን ስልኬ ላይ ሰካሁ። ስልኬ ጠባች። ከሁለት ወር ጀምሮ ኮምፒውተሩ ለሰው የጠቀመው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ችግሩ ገመዱ አጭር መሆኑ ነበር። ሸህ ሙሄ ወደ ስልኩ ለመቅረብ ተንበርክከው፣ ሲፒዩውን በአንድ እጃቸው አቅፈው፣ ጉንጫቸውን እሱ ላይ አስደገፉ። ጄኔሬተሩ እንዳይረብሽ ሁለት ሰዎች ጋቢ ዘርግተው በፊቱ ቆሙ። ነፋሱም ያኔ አዝኖልን ነው መሰል ረጋ አለ። ሸህ ሙሄ የጋብቻውን ስብከት፣ ኹጥባውን፣ አደረሱ፤ ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ፣ "ልጄን ሀዋን በተስማማችሁበት መህር ድሬልሃለሁ" አሉ። የተዘቀዘቀው ሰይድ "ተቀብያለሁ" አለ። ቁራ አምባ በእልልታ ተናጋ። ስሙን ያገኘባቸው ቁራዎች በሙሉ ተነሥተው በረሩ።

ሰው ሁሉ ሲተቃቀፍ ሸህ ሙሄ ከጉልበታቸው ተነሡና ወደ እኔ መጡ። ዐይኔን አዩኝ። እኔ ባለ አንድ ጫማ ቆሜያለሁ።

"ይኸ እግርህ ውስጥ እያለ፣ ያን ሁሉ ለምን አሸከምከን?"

ኮምፒውተር ሻጭ ስለሆንኩ ነው አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? ስድስቱን ካርቶን፣ ሥልጠናውን፣ ፎቶ እየተነሣ የሚወጣውን ሰው፣ ካልሲውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ጢማቸው፤ ኋላ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"አንተው ራስህ ትተኸው በካልሲህ ሌላ ይዘህ እየዞርክ፣ ማን እንዲገዛህ ነው?" አሉኝ።

ደሴ ያለው ጅምላ ሻጭ፣ አሠልጣኛችን፣ ባለቤቴና እኔ ለሁለት ወር ስንመራመርበት የከረምነውን ነገር እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ጉዳዩ ግን በዚህ አላበቃም፤ ቃል ሰጥተው ነበራ። ልጄን በዚህ ነገር ካየኋት ዕቃው ቤቴ ይቀራል ብለዋል። ሽማግሎቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡና ነገሩን በሸሪዓ ይመረምሩት ጀመር። አንዱ ያየናት በስልኩ ነው፣ ስለዚህ ቃሉ አይጸናም አሉ። ሌላው ስልኩን ያጠባው ኮምፒውተሩ ነው፣ የጡት እናትም እናት ናት አሉ። ሦስተኛው ኮምፒውተሩን ያጠባው የመስጊዱ ጄኔሬተር ስለሆነ ባለመብቱ መስጊዱ ነው ብለው ነገሩን አወሳሰቡት። እኔ በመሐል ገብቼ፣ በውሸት የተጀመረ ሽያጭ ይቅርብኝ ብዬ ለመንኩ። ሸህ ሙሄ ፈረዱ፤ ሽያጩ ፈርሷል፣ ዕቃው ግን ባለውለታ ነው፣ ዱዓ ይደረግለት ተባለ። ኮምፒውተሬ በደቡብ ወሎ ዱዓ የተደረገለት የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሳይሆን አይቀርም። ዱዓው ሲያልቅ ሠላሳ ሰባት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ስልኬን መልሼ የያዝኩ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የመንደሩ እናቶች ተሰልፈው ነበር። አንዷ ከመቀነቷ፣ አንዷ ከልጇ ደብተር ቅዳጅ፣ አንዷ ከቤቷ በር ላይ በከሰል የተጻፈውን በቃሏ አጥንታ፣ የሪያድ፣ የቤይሩት፣ የዱባይ፣ የኩዌት ቁጥር ይዘው መጡ። አንዲት እናት ልጇን ስታይ ምንም አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ፊቷን ዳበሰች፣ በዳበሰችው ቁጥርም ጥሪው እየተዘጋ አራት ጊዜ ደወልኩላት። በአራተኛው ጊዜ አልቃሹ እኔ ነበርኩ፤ ነፋሱ ነው ብዬ አመካኘሁ።

ቁልቁል ስንወርድ ጄኔሬተሩ የመስጊድ ንብረት ስለሆነ በክብር በቃሬዛ ወረደ። ስክሪኑ አንቀልባውን ተቀምቶ በማዳበሪያ ወረደ። ጠረጴዛው የእኔው ነው፤ በራሴ ላይ። ሸህ ሙሄ ቤት ለኒካሁ በግ ታርዶ ነበር፤ ለእኔ ዓርብ መሆኑን አስበው ወይዘሮ ፋጤ ለብቻዬ ሽሮ አሠርተውልኛል። ያን የመሰለ ሽሮ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልበላሁም። ማታውን እዚያው አድሬ በማግስቱ ገባሁ። አልማዝ በር ላይ ቆማ ካርቶኑን አየችና ምንም ሳትጠይቀኝ አንድ በኩል ያዘችልኝ።

ከዚያ ወዲህ አምስቱ ኮምፒውተሮች እንዳሉ ናቸው፤ በዱዓው የተባረከውን አልማዝ ልብስ ስታጥፍ ዘፈን ትሰማበታለች። እኔ ዓርብ ዓርብ ስልኬን ሞልቼ ቁራ አምባ እወጣለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ያቺ ዝም ብላ ፊት የዳበሰችው እናት ናት እምቢ እንዳልል ያደረገችኝ። ቁጥሬ ዓረብ አገር ሁሉ ስለተበተነ፣ የማላውቃቸው ልጆች እየደወሉ ጋሼ፣ እናቴን በዚህ ዓርብ ያገናኙኝ ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት ሀዋ ደወለች። ሰይድ ደኅና ነው፣ አሁን በእግሩ ቆሞ አየሁት። ስለ ኒካሁ ቀን ደጋግማ መረቀችኝ፤ ዕድሜ ይስጥዎት፣ ቤትዎ ይሙላ አለችኝ። ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ አዲስ ኮምፒውተር እሸጣለሁ አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኬን አየሁት፤ አልተቋረጠም። ፊቷ ቀስ ብሎ ሲያዝን ይታየኛል። ከዚያ፣ ሰው ከሐኪም ቤት ወጥቶ መጥፎ ውጤት የነገራት ይመስል፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አይዞዎት ጋሼ፣ አላህ ያሽርዎት" አለችኝ።

አሜን አልኳት።